ዝቅተኛ ተከፋዩን ወደ ተሻለ ሥራ የሚያሻግር የሰው ኃይል ዕቅድ እንዴት ይዘጋጃል? ሐዋሳና አካባቢዋን ይዞ የቀረበ ዝርዝር መመሪያ

በየዓመቱ ሰኔ ላይ የሚቀርቡት የሥራ ዕድል ፈጠራ ሪፖርቶች ቋንቋቸው አንድ ነው፤ ይህን ያህል ሺህ ወጣት ተመዘገበ፣ ይህን ያህሉ ሠለጠነ፣ ይህን ያህሉ ቋሚ ወይም ጊዜያዊ ሥራ አገኘ። በጥቅምት ፋብሪካ የገባችው ልጅ በጥር ሥራውን ትታ ወደ ሶዶ ብትመለስ ግን ከሪፖርቱ የሚቀነስ ቁጥር የለም። እሷን የተካችው ደግሞ እንደ አዲስ የሥራ ዕድል ትቆጠራለች። በአንድ ወንበር ሦስት ሰው ቢፈራረቅበት ሦስት ሥራ ተፈጠረ ማለት ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለክልል፣ ለዞንና ለከተማ የሥራና ክህሎት ባለሙያዎች፣ ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኃላፊዎች፣ ለሠራተኛ ማኅበር መሪዎችና ከእነሱ ጋር ለሚሠሩ ድርጅቶች ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ አሁን ሥራ ላይ ያለው፣ ነገር ግን ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ሰው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የተሻለ ሥራ ላይ እንዲገኝ በአካባቢ ደረጃ ምን ይታቀድ? ምሳሌዬ ሐዋሳና ዙሪያዋ ናት፤ ኮምቦልቻ፣ ደብረ ብርሃን ወይም አዳማ ያላችሁ ስሙን ቀይራችሁ ብዙውን ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

ሐዋሳን የመረጥኩት ሥራ መፍጠርና ጥሩ ሥራ መፍጠር እንዴት እንደሚለያዩ እዚያ ጎልቶ ስለታየ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 60 ሺህ ሰው ይይዛል የሚል ተስፋ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ግን የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድና ሰብዓዊ መብቶች ማዕከል ባወጣው ጥናት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር አካባቢ መሆኑን፣ ፋብሪካዎቹም በመጀመሪያው ዓመታቸው በአማካይ የሠራተኞቻቸውን ቁጥር ያህል ሰው እንደሚለቅባቸው ገለጸ። ከዚያ ቀደም ብሎ ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ውስጥ ባደረጉት ጥናት፣ የፋብሪካ ሥራ ከተሰጣቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ለቀዋል። ሰዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። በመንደሩ ከሚገኘው ሌላ ሥራ የተሻለ ገቢ አላገኙበትም፤ በጤናቸው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ጨምሯል።

1. ወሰኑን ሠራተኛው ከሚመጣበት ቦታ ለኩ

ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ የአስተዳደር ወሰን ላይ ይቆማል። የሥራ ገበያ ግን ክልል አያውቅም። ፓርኩ ሲከፈት ሐዋሳ የደቡብ ክልል መቀመጫ ስለነበረች ሠራተኛ የሚመለመለው በአንድ ክልላዊ መዋቅር፣ ከዞን እስከ ቀበሌ በወረደ ምልመላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የቀረው ደቡብ ክልል ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ተከፈለ። ዛሬ ከወላይታ የምትመጣው ሠራተኛ የደቡብ ኢትዮጵያ፣ ከሀላባ የምትመጣው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ናት። ሻሸመኔ በታክሲ ቅርብ ሆና ሳለ ኦሮሚያ ውስጥ ናት። የአራት ክልል ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትሠሩት ነገር የሦስትና የአራት ቀጣሪዎችን የሠራተኛ መዝገብ ይዛችሁ የመጡበትን ወረዳ መቁጠር ነው። ስም አያስፈልጋችሁም፤ ወረዳ፣ ፆታ፣ የተቀጠሩበት ወርና የለቀቁበት ወር ይበቃል። ከሠራተኛው ከፍተኛውን ድርሻ የሚልኩት ወረዳዎች በየትኛውም ክልል ቢሆኑ የዕቅዱ አካል ናቸው። ከጎረቤት ክልል ቢሮ ጋር የሚፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ረጅም መሆን የለበትም፤ የሥራ ፈላጊ መረጃ መለዋወጥ፣ የአንዱ የብቃት ምስክር ወረቀት በሌላው ዘንድ ያለ ጥያቄ መታወቁ፣ የሚለቅ ሠራተኛን ተከታትሎ ማሳወቅ፣ ሦስቱ ከኖሩ ይበቃል።

2. «የተሻለ ሥራ» ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ በቁጥር ጻፉ

ብዙ ዕቅድ የሚበላሸው እዚህ ነው። «ምቹና ዘላቂ ሥራ» ብሎ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውም ሥራ ምቹ ይሆናል።

ሕጉ የሚያዘውን ከጥሩ ሥራ ጋር አታደባልቁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የመደበኛው 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። ይህን የሚያሟላ ድርጅት ሕግ አክባሪ እንጂ ገና ጥሩ ቀጣሪ አይደለም። የማያሟላው ጋ ሰው መላክ ደግሞ መንግሥት ራሱ ሕግ የሚጣስበት ቦታ ሰው መለመለ ማለት ነው።

አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ቢያዝም፣ ከወጣ ዓመታት አልፈውም የግሉ ዘርፍ ወለል ሳይቆረጥለት ቆይቷል። ወለሉን እስኪቆርጡልን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ለራሳችሁ ዕቅድ የሚያገለግል መለኪያ ማውጣት ትችላላችሁ። እኔ የምመክረው «ቀሪ» የሚባለውን ነው። ግብርና ጡረታ ተቆርጦ እጅ ከሚገባው ደመወዝ ላይ የቤት ኪራይ ድርሻን፣ የምግብን፣ የትራንስፖርትንና የስልክ ካርድን ቀንሱ። የሚቀረው ነገር ለቤተሰብ የሚላክ፣ ለዕቁብ የሚጣል ወይም ለሕክምና የሚቀመጥ ነው። ቀሪው ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሠራተኛዋን የምትደግፈው እናቷ ናት ማለት ነው፤ ገጠር ያለው ቤተሰብ ጤፍና በሶ እየላከ ፋብሪካውን ይደጉማል።

ደመወዝን በዶላር አትለኩ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የተሠራ ንጽጽር ስለ ኪራይና ስለ እንጀራ የሚነግራችሁ ነገር የለም። በየስድስት ወሩ ፓርኩ ዙሪያ የአንድ ክፍል ኪራይ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ሰው አንድ ክፍል እንደሚጋራ፣ በልቶ ለማደር ስንት እንደሚበቃ ሰፈር ገብታችሁ ጠይቁ።

ከቀሪው ጎን ሌሎች አራት መለኪያ ጨምሩ፦ ቋሚ የሥራ ውል መኖሩ፣ የፈረቃው ሰዓት አስቀድሞ መታወቁ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊገኝ የሚችል የደረጃ ዕድገት መኖሩ፣ አደጋና ትንኮሳ ሲደርስ የሚሰማ አካል መኖሩ። ከዚህ በላይ አታብዙት፤ አሥራ አምስት መለኪያ ያለው ቅጽ ማንም በትክክል አይሞላውም።

3. መረጃው በእጃችሁ አለ፣ ግን በተለያየ መሳቢያ ውስጥ ነው

በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥራ ኃይልና ፍልሰት ጥናት ክልሉ በአጠቃላይ የት እንዳለ ያሳያል። «በዚህ ከተማ የስፌት ማሽን መካኒክ ስንት ይከፈለዋል፣ ስንት ክፍት ቦታ አለ» የሚለውን ግን ከዚያ አትጠብቁ። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሚያስተዳድረው የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት የሥራ ፈላጊዎችን ምዝገባ ይሰጣችኋል። እሱም ቢሆን የሚያውቀው ሥራ የሚፈልገውን ሰው ነው፤ ሥራ ላይ ሆኖ የሚቸገረው እዚያ አልተመዘገበም።

የጎደለውን ከሦስት ቦታ ሰብስቡ። ከቀጣሪ፣ ያለፈው ዓመት የቅጥርና የመልቀቅ መዝገብ በሥራ መደብ ተለይቶ። ከግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ መዋጮ፣ በስምምነትና ስም ሳይጠቀስ፣ ደመወዝ በዘርፍ ምን ያህል እንደሆነ። ሦስተኛውና ዋናው ከሠራተኞቹ ራሳቸው።

ሠራተኛን ፋብሪካው ግቢ ውስጥ፣ የሰው ሀብት ኃላፊው ባለበት አትጠይቁ፤ የምታገኙት መልስ «ይመስገን» ብቻ ነው። እሁድ ከሰዓት የኪራይ ግቢዎቹ በር ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡና ሲፈላ ነው ሰው የሚናገረው። ሴት ጠያቂ ይኑራችሁ፤ ሲዳምኛና ወላይትኛ የሚናገር ሰውም እንዲሁ። የምትጠይቁትም «ምን ትፈልጊያለሽ» ሳይሆን «ከዚህ የለቀቁት ጓደኞችሽ አሁን የት ናቸው?» የሚለውን ነው። ይህ ጥያቄ ከማንኛውም የፍላጎት ዳሰሳ ይበልጣል፤ ሰዎች በተግባር የተሻገሩበትን መንገድ ያሳያችኋል። አንዷ ሆቴል፣ አንዷ የራሷ ስፌት ቤት፣ አንዷ ቤይሩት ወይም ሪያድ። የመጨረሻው ቁጥር ከበዛ ለአካባቢው ሥራ ጥራት የተሰጠ ድምፅ አድርጋችሁ አንብቡት።

4. መሰላሉን ሣሉ፤ ከዚያ ስንት ሰው እንደሚይዝ አስሉ

በልብስ ስፌት ውስጥ ያለው ዕድገት የታወቀ ነው። ረዳት፣ ኦፕሬተር፣ ብዙ ማሽን የሚችል ኦፕሬተር፣ የመስመር መሪ፣ ሱፐርቫይዘር፤ ወደ ጎን ደግሞ የጥራት ተቆጣጣሪ፣ ናሙና ሠሪ፣ የማሽን መካኒክ፣ የምርት ዕቅድ ጸሐፊ። ፓርኩ በጀመረበት ዘመን ከላይ ያሉትን ቦታዎች በብዛት የያዙት ከስሪላንካ፣ ከህንድና ከቻይና የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። እነሱን በአገር ልጅ መተካት ዋጋም ይቀንሳል፣ ዕድልም ይከፍታል፤ ለቀጣሪው የምታቀርቡት የመጀመሪያ ሐሳብ ይሁን።

ግን ሒሳቡን ሥሩ። በአንድ የስፌት መስመር 30 ኦፕሬተር አንድ መሪ ቢኖራቸው፣ በ1,000 ኦፕሬተር ላይ ያለው የመሪነት ቦታ 33 ገደማ ነው። መሪዎቹ ደግሞ በየዓመቱ አይቀየሩም፤ ሩቡ ቢለቅ እንኳ በዓመት የሚከፈተው ስምንት ቦታ ነው። «የአመራር ክህሎት ሥልጠና ለ500 ኦፕሬተሮች» የሚል ዕቅድ ስታዩ ከስምንት ቦታ ጋር አስተያዩት። ሠልጣኞቹ የምስክር ወረቀት ይዘው ያው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ተናደው ይለቃሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ወለሉ ራሱ ካልተነሣ መሰላል ብቻውን ብዙ ሰው አያሻግርም። ይህ የሥልጠና ጉዳይ አይደለም፤ የደመወዝ ድርድር ጉዳይ ነው። አዋጁ ከአሥር ያላነሱ ሠራተኞች ማኅበር እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሥር ያሉ አደራጆች በዕቅድ ኮሚቴው ውስጥ ድምፅ ያለው ወንበር ይኑራቸው። የኅብረት ስምምነት ያላቸው ድርጅቶች ቁጥርም ከሠለጠነው ሰው ቁጥር እኩል በሪፖርቱ ይግባ።

ሁለተኛ፣ ከፋብሪካው ውጭ የሚወስዱ መንገዶችን ፈልጉ። በሐዋሳ ዙሪያ የሐይቅ ዳር ሆቴሎችና ሪዞርቶች፣ የቢራና የለስላሳ ፋብሪካዎች፣ የይርጋለም የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የዳሌና የአለታ ወንዶ ቡና ማጠቢያዎች፣ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲው አሉ። ሁሉም ግን የተሻለ ሥራ አይደሉም። የቡና ማጠቢያ ሥራ ወቅታዊ ነው፤ የሆቴል አስተናጋጅ ደመወዝ ከጉርሻ ውጭ ከፋብሪካው ላይበልጥ ይችላል። በጥበቃና በፅዳት ኤጀንሲ በኩል የሚገኘው ሥራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ታች መውረድ ነው፤ ተቋሙ የሚከፍለውና ሠራተኛው የሚደርሰው አይገናኙም። እያንዳንዱን መዳረሻ በሁለተኛው ክፍል ባወጣችሁት መለኪያ ፈትሹ። የሚያልፉት ጥቂት ናቸው፤ የፋብሪካ ማሽን ጥገና፣ የምግብ ማቀነባበሪያ ማሽን ኦፕሬተርነት፣ የላቦራቶሪና የጥራት ምርመራ ረዳትነት፣ የቀዝቃዛ መጋዘን ቴክኒሻንነት፣ የሆቴል ወጥ ቤት ሙያ ከሁለተኛ እርከን በላይ። ከሦስት በላይ አትምረጡ።

5. ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት ቀጣሪው ይፈርም

ቀጣሪ ስብሰባ ላይ ተጠርቶ «የሰለጠነ ሰው ችግር አለብን» ይላል። ይህ ቃል ኪዳን አይደለም። የምትፈልጉት አንድ ገጽ ነው፦ የሥራ መደቡ፣ የቦታው ብዛት፣ የሚቀጠሩበት ወር፣ መነሻ ደመወዙ፣ ከዓመት በኋላ የሚደርሰው ደመወዝ። ደመወዙን ለመጻፍ ፈቃደኛ ያልሆነ ድርጅት የሥልጠና ቦታ አይያዝለትም። ከባድ ይመስላል፤ በሕዝብ ገንዘብ የሚሠለጥን ሰው የት እንደሚገባ መጠየቅ ግን ትንሹ ነገር ነው።

ለቀጣሪው የምታቀርቡት ክርክር ርኅራኄ አይሁን። የለቀቀን ሠራተኛ መተካት ምን ያህል እንደሚያስወጣው በራሱ መዝገብ አስልታችሁ አሳዩት፤ የምልመላ ወጪ፣ ሥልጠና ላይ እያለች የሚከፈላት ደመወዝ፣ ፍጥነቷ እስኪስተካከል የሚጠፋው ምርት፣ የሚበላሸው ጨርቅ። ብዙ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች ይህን ደምረውት አያውቁም። ሲደመር ለደመወዝ ጭማሪ ወይም ለሰርቪስ አውቶቡስ የሚወጣው ገንዘብ እምብዛም የማይከብድበት ጊዜ አለ።

6. ሥልጠናውን ለሚሠራ ሰው ስፉት

ኮሌጆቻችን የተዘጋጁት ቀን ሙሉ ለሚማር ወጣት ነው። በፈረቃ የምትሠራ ሰው በሳምንት ስድስት ቀን ተይዛለች። ትምህርቱ በአጫጭር ክፍሎች ተከፋፍሎ ከፈረቃ በፊት ወይም በኋላ፣ ቢቻል ፓርኩ አጠገብ ይሰጥ። ማታ የሚያልቅ ከሆነ የመመለሻ መኪና የግድ ነው፤ ጨለማው መንገድ ላይ የሚደርሰውን ሐዋሳ የምትኖር ሠራተኛ ሁሉ ታውቀዋለች። ልጅ ላላት ማቆያ ያስፈልጋል። ለሥልጠናው ስትል የምታጣው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ካልተካካሰ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ትቀራለች።

አዲስ ነገር ከማስተማራችሁ በፊት የምታውቀውን መዝኑ። ከ2000 ዓ.ም. የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ጀምሮ የብቃት ምዘናው ክህሎቱ የትም ይገኝ የት ክፍት እንዲሆን ታስቧል። ሦስት ዓመት የሰፋች ሴት የደረጃ 1ን ትምህርት ከሀ ልትጀምር አይገባም፤ በቀጥታ ለሲኦሲ (ለብቃት ምዘና ፈተና) ትቀመጥ፣ የጎደላት ክፍል ብቻ ይሰጣት። የምዘና ክፍያውን ዕቅዱ ይቻል።

ሥራ ፍለጋውንም አትናቁት። በአዲስ አበባ በተደረገ ጥናት ለአንዱ ቡድን የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ለሌላው ስለ ሥራ ማመልከቻ አጭር ዐውደ ጥናትና ችሎታን በፈተና አረጋግጦ የሚሰጥ ወረቀት ተሰጥቶ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ጠቀሙ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን በገቢ ላይ የታየው ለውጥ በዐውደ ጥናቱ ቡድን ላይ ነበር። ቀጣሪ የማያውቀውን ሰው ችሎታ የሚያይበት ወረቀት ሲያገኝ ይቀጥራል፤ ዘመድ የሌለው ሰው የሚጠቀመው ከዚህ ነው።

7. በጀት

ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዕቅዳችሁ በግንቦት ከተጠናቀቀ ዘግይቷል፤ የወረዳና የከተማ በጀት ጥያቄ ከመግባቱ በፊት፣ በጥርና በየካቲት አካባቢ፣ የወጪ ዝርዝሩ ፋይናንስ ቢሮ መድረስ አለበት። የመኪና፣ የልጅ ማቆያና የክትትል ስልክ ወጪ በመደበኛው በጀት ይግባ። በፕሮጀክት ገንዘብ ብቻ የቆመ ክትትል ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። አበልን ለስብሰባ ሳይሆን ለክትትል ስልክ ለሚደውሉት ክፈሉ።

8. ፋብሪካ ሲዘጋ ምን ይደረጋል? አሁኑኑ ጻፉት

አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አገደች፤ ከዚያ በፊት በኅዳር 2014 ዓ.ም. የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ሐዋሳ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አሳውቆ ነበር። በአንድ ገበያ ላይ በቆመ ፓርክ ላይ እንዲህ ዓይነት ውሳኔ ሲመጣ ክልሉ የሚያደርገው ነገር ትንሽ ነው፤ የሚያደርገው ግን በቀናት ውስጥ መሆን አለበት።

በዕቅዱ ውስጥ አንድ ገጽ ለዚህ ያዙ። ማስታወቂያ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት የሠራተኞቹ ዝርዝር ከነስልካቸውና ከነሥራ መደባቸው ይያዝ፤ ሰው ወደ አገሩ ከተበተነ በኋላ አይገኝም። በዚያው ሳምንት የሥራ ስንብት ክፍያና ያልተከፈለ የዓመት ፈቃድ ሒሳብ በሠራተኛና አሠሪ ባለሙያ ይፈተሽ። ለእያንዳንዱ የሥራ ልምድ ማስረጃ ከመዘጋቱ በፊት ይጻፍ፤ ያለ ወረቀት የሦስት ዓመት ልምድ ዜሮ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ፋብሪካው ግቢ ውስጥ የብቃት ምዘና ይደረግ፤ ማሽኑ ገና እዚያ ስላለ ከዚያ የተሻለ መመዘኛ ቦታ የለም። ሌሎች ቀጣሪዎችም እዚያው ይጠሩ።

9. ክትትል፦ ሦስት፣ ስድስት፣ አሥራ ሁለት ወር

የተሻገረ ሰው ሁሉ በእነዚህ ሦስት ጊዜያት ይደወልለት። አምስት ጥያቄ ይበቃል፦ አሁንም እዚያው ነህ ወይ፣ ባለፈው ወር እጅህ የገባው ስንት ነው፣ ኪራይና ምግብ ስንት ወሰደ፣ ውሉ ቋሚ ነው ወይ፣ ከለቀቅህ ለምን። ሁለት ስልክ ቁጥር መያዝን አትርሱ፤ የራሱንና የቤተሰብ። ሲም የሚቀይር ሰው ብዙ ነው።

ሪፖርቱ ላይ የሚወጣው ዋና ቁጥር «የሠለጠነ» አይሁን፤ በ12ኛው ወር የተሻለው ሥራ ላይ የሚገኝና ቀሪው ከበፊቱ የጨመረ ሰው ቁጥር ይሁን። ይህ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል። የለመድነው በሺህ የሚቆጠር ነው፣ ይኼኛው በመቶ ወይም በአሥር ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከቢሮ ኃላፊውና ከምክር ቤቱ ጋር ገና ዓመቱ ሲጀምር ተስማሙበት፤ ሰኔ ላይ ድንገት ካቀረባችሁት «አፈጻጸሙ ወረደ» ተብሎ በሚቀጥለው ዓመት ቅጹ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

በየስድስት ወሩ በሚደረገው ግምገማ ላይ ቀጣሪዎች፣ የማኅበር ተወካዮች፣ ኮሌጁና ከአራቱም ክልሎች የመጡ ባለሙያዎች ፊት የሦስቱ መንገዶች ውጤት በአንድ ሰንጠረዥ ይቅረብ። ከገቡበት ሰዎች በዓመቱ ግማሹን እንኳ ያላቆየ መንገድ ካለ፣ በጀቱ ወደ ሌላው ይዛወር። ፈርሞ ያልቀጠረ ቀጣሪ በሚቀጥለው ዙር ሠልጣኝ አይላክለትም።